ማዶኛው እርካብ

ደጃዝማቹ በተረሸኑ በአርባኛው ቀን፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የተወረሰችውን በቅሎ ከነኮርቻዋ እየሳበ ወደ ግቢያቸው አመጣት። የወይን ሐረግ የተጠማዘዘበት የብረት በር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ቢጎትታት ንቅንቅ አላለችም።

«ጌታዬ የሚወርዱት እዚህ ነው» አሉ ሽማግሌው አትክልተኛ አያ ውቤ። መቀሳቸውን አስቀምጠው፣ ጌታቸው ሲወርዱ ኮርቻው እንዳይዞር እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ በማዶ በኩል ያለውን እርካብ ተጭነው ያዙ።

«አያ ውቤ፣ ኮርቻው እኮ ባዶ ነው» አለ ሊቀመንበሩ እየሳቀ።

ኮርቻው ሲጢጥ ብሎ ወደ ሊቀመንበሩ አዘነበለ። እርካቡ ሽማግሌውን በእግር ጣታቸው እስኪቆሙ ድረስ ወደ ላይ ሳባቸው፤ ከዚያም ቀለላቸው። በቅሎዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ነፋስ አልነበረም፤ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር የተተከሉት ጽጌረዳዎች ግን ከበሩ ጀምሮ አንድ በአንድ ጎንበስ ቀና አሉ።

ሊቀመንበሩ መንገድ ለቆ ቆሞ ነበር። ቆቡን መቼ እንዳወለቀ አያውቅም።