ባለ ድምፁና ባለ ምስሉ

እናቴ፣ ልጅቷ አምሮባታል፣ ጉንጯ ሞላ ብሏል ትላለች። አባቴ፣ የለም፣ ከስታለች፣ ፊቷም ጠውልጓል ይላል። ሁለቱም ያወሩት ከእህቴ ጋር ነው፤ በአንድ ኮምፒውተር፣ አንድ በርጩማ ላይ ተራ በተራ ተቀምጠው። የተሰናበትናትም አሁን ነው፤ ኮምፒውተሩ ገና አልጠፋም።

ክርክሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። እህቴ የምትማረው ባሕር ማዶ ነው። ስልክ መደወል ስለተወደደባት በኢንተርኔት የሚያገናኝ ፕሮግራም ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ እንድጭን ለምናኛለች። ሁለት አገኘሁ። አንዱ ድምፅ ብቻ ነው፤ ግን ጥርት ያለ፣ አጠገብህ ተቀምጣ የምታወራ ይመስልሃል። ሌላው ፊትም ያሳያል፤ ድምፁን ግን ይቆራርጠዋል። ኮምፒውተራችን አሮጌ ስለሆነ ሁለቱን ሲሸከም ደርቆ ይቀራል፤ አንዱ መጥፋት አለበት። እናቴ ባለ ምስሉን፣ አባቴ ባለ ድምፁን ይዘው ሰንብተዋል። እኔ ደግሞ ለማንም ሳላዳላ፣ ሁለቱንም አስሞክሬ እፈርዳለሁ ብያለሁ። የዛሬው ተራ የባለ ምስሉ ነበር።

«እኔ እኮ በዓይኔ ነው ያየኋት» ትላለች እናቴ። ለኮምፒውተሩ ብላ ፀጉሯን አበጥራ፣ ደህናውን ሹራቧን ለብሳ ነው የቀረበችው። በጣም ከመጠጋቷ የተነሳ እህቴ ያየችው ግንባሯን ብቻ ነው።

«እኔስ በምኔ አየኋት?» ይላል አባቴ። «የምስል ትርፉ ሐሳብ ነው። ከሳች፣ ጠቆረች እያሉ ሲብሰለሰሉ ማደር። ድምፅ ይበቃል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ላይ አታሟርትባት።»

እስቃለሁ። ዳኛ ነኝ፤ ማስረጃውም በእጄ ነው። እናቴ ተነስታ አባቴ እስኪቀመጥ ድምፁ መቆራረጥ ስለጀመረ፣ እህቴ ካሜራዋን እንድታጠፋ በጽሑፍ ነግሬ የእኛንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሲያወራ ከፊቱ የነበረው ግራጫ ሳጥን ብቻ ነው። ሳላመነታ፣ እንደ ጥሩ ቀልድ አድርጌ አወጣዋለሁ።

«አባዬ፣ በዚህስ ተሸንፈሃል። ባንተ ተራ ምስሉ ጠፍቶ ነበር እኮ። ምኗን አየህ?»

ማንም አይስቅም።

አባቴ ይዞራል፤ ወደ እኔ ሳይሆን ድምፄ ወደ መጣበት። ዓይኑ በእኔና በመስኮቱ መካከል ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የምመልስበት መንገድ የለኝም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን ነው። የጎረቤታችን ሱሪ አንድ እግሩ ረዝሞ የተመለሰ ጊዜ አምፖሉን ረገመ፤ እኔም የበለጠ የሚያበራ ገዝቼ ሰቀልኩለትና ነገሩ አለቀ አልኩ። የክር መደርደሪያውን ማንም እንዳይነካበት ከልክሏል፤ ጥቁሩ ከዳር፣ ቀጥሎ ሰማያዊው፣ ከዚያ ቡናማው። መቀስ ስፈልግ አዘበራርቄበት በተቆጣኝ ቀን፣ ሽምግልናው ጭቅጭቅ ይዞ መጣ ብዬ ለእናቴ አወራሁ። እየሰማኝ። እህቴ አላየችም ቢባል በመካከላችን ባሕር አለ። እኔና እሱ የምንበላው ከአንድ ሳህን ነው።

እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቀስ ብላ ትጠይቀዋለች። እሱም የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ተረጋግቶ ይነግረናል። ዓመት አልፎታል። አሁን የሚታየው ጥላ ጥላ ነው። ሐኪም ዘንድ ብቻውን ሄዶ ነበር፤ የሄደው አይመለስም ብለውታል። ለእኛ ያልነገረን አንዳችን ለእህቴ እንዳናቀብል ነው፤ ከሰማች ትምህርቷን ጥላ በሚቀጥለው አውሮፕላን ነው የምትመጣው፣ ለመጨረስ ደግሞ ትንሽ ነው የቀራት። በምስል ካየችው መደበቅ የለም። የምትማረው ነርስነት ነው፤ ዓይኑ ሲባዝን አንዴ ካየች ይበቃታል።

ይቅርታ ልለው እፈልጋለሁ። ግን ለየቱ? ለቀልዱ ወይስ ለዓመቱ? አንገቴን ደፍቼ የማውሱን ገመድ በጣቴ እጠቀልላለሁ።

እናቴ የሹራቧን እጅጌ እየሳበች «ለነገሩ ምስሉ ዓይኔን ያሳምመኛል» ትላለች። «ይብለጨለጫል። የድምፁ ይሁን።»

የልጄን ፊት አሳየኝ እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትለምነኝ የከረመች ሴት ናት። ውሸቷን ሦስታችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን እፎይ እላለሁ። እህቴ ካላየች አትጠይቅም፤ ካልጠየቀች፣ አንተ እዚያው ሆነህ ምን ታደርግ ነበር አትለኝም። እፎይታዬ ያሳፍረኛል፤ እጄ ግን አይቆምም። የማውሱን ቀስት ባለ ምስሉ ላይ አሳርፋለሁ። ይጥፋ ወይ ብሎ ኮምፒውተሩ ይጠይቀኛል።

«ቆይ» ይላል አባቴ።

የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጁ እየዳሰሰ ይመጣል፤ አሁን መዳሰሱን አይደብቅም። በርጩማውን በጉልበቱ ያገኘውና ይቀመጣል። ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ ያቀናል፤ ትንሽ ወደ ግራ ስቷል። እናቴ ትከሻውን ይዛ ልታስተካክለው እጇን ትዘረጋና መልሳ ትሰበስበዋለች።

«የድምፁን አጥፋው» ይላል። «ነገ ስትደውል እኔ እቀድማለሁ። ፊት ለፊት እያየችኝ፣ አትምጪ እላታለሁ።»