አምስተኛው ሳጥን

ፒክሰል የሚሏት በስክሪን ላይ በአንዲት ነጥብ መዛነፍ እንኳን ስለምትበሳጭ ነው። ዛሬ ደግሞ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት የምትሠራው ድረ ገጽ በአሮጌው ብሮውዘር ሲከፈት እየተዛነፈ ከጠዋት ጀምሮ ደሟን አፍልቶታል። በአዲሱ ላይ የመዋዕለ ሕፃናቱ አራት ልጆች ፎቶ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሳጥን፣ በአንድ ረድፍ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ በአሮጌው ላይ ግን አራተኛው ልጅ ወደ ታች ይወድቃል። ርእሰ መምህርቷ ያላቸው ደግሞ አሮጌው ብቻ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬም ወድቋል እኮ» አሉ በስልክ።

«እያየሁት ነው እትዬ።»

ቢቸግራት እንደ ልማዷ እያንዳንዱን ሳጥን በቀይ መስመር ከበበችው፤ የቱ የቱን እንደሚገፋ የሚታወቀው በዚያ ነው። ቀዮቹ ሳጥኖች አምስት ሆኑ። በሁለተኛዋና በሦስተኛው ልጅ መካከል አንድ ባዶ ሳጥን አለ። የገጹን ኮድ ከላይ እስከ ታች አበጠረችው፤ ያለው አራት ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ትምህርት ቤቱን የለቀቀ ልጅ አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም። ከመጀመሪያውም አራት ናቸው።»

«ኤጭ» አለችና የገጹን አቀማመጥ በሚወስነው ኮድ፣ በሲኤስኤስ፣ ሦስተኛውን ልጅ ወደ ግራ ስባ ባዶው ላይ ደረበችው። አራተኛውም ወደ ረድፉ ተመለሰ።

«አሁን ተስተካከለ፣ ተባረኪ» አሉ ርእሰ መምህርቷ። «ፎቶዎቹን ግን ለምን ቀየርሻቸው?»

ፎቶዎቹን አልነካቻቸውም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

ጠዋት ፎቶዋ መሃል ላይ የነበረችው ሁለተኛዋ ልጅ ወደ ግራ ጠርዝ ሸሽታለች። ሦስተኛው ደግሞ በራሱ ፎቶ ውስጥ ወደ ቀኝ። በመካከላቸው ለአንድ ልጅ የሚበቃ ቦታ ለቀዋል፤ እጃቸውም የሰው እጅ እንደያዘ ወደዚያው ተዘርግቷል።