ቡናው የተጎነደለበት ለቃሚ

ሱፊያን እንደገና ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። በአንድ እጁ የቡናውን ቅርንጫፍ እንደያዘ በሌላው ስልኩን ለማሂራ ያሳያታል። ቪዲዮው ላይ አንድ ትልቅ ማሽን የቡና ዛፎችን እያራገፈ ያልፋል፤ አጠገቡ ሰው የሚባል የለም። ማሂራ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ቅርጫቷን ረስታዋለች።

«አየሽ? ወደፊት ሁሉም ነገር እንዲህ ነው» ይላታል። «ማሽኑ ይለቅማል፣ ማሽኑ ያጥባል፤ ሲስተሙ ማን ምን እንደጎደለው አውቆ ቤቱ ድረስ ያደርስለታል። ገንዘብ የሚባል ነገር ይቀራል። ምን ይሠራል?»

እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ እለቅማለሁ። እጄ ይለቅማል እንጂ ዓይኔ እዚያ ነው። ሱፊያን ከጅማ የመጣው ለአክስቱ ልጅ ሰርግ ነበር። ሰርጉ ካለቀ ሰንብቷል፤ እሱ ግን ሊሙ ገነትን አልለቅም ብሏል። ዛሬ ደግሞ ነጭ ጫማውን አድርጎ እነ ማሂራ ማሳ ውስጥ ከተፍ አለ። ነጭ ጫማ! እስካሁን ጠብታ ጭቃ አልነካውም። ጭቃውም ከእሱ ጋር አብሯል መሰለኝ።

ዛሬ ዳዶው የእነ ማሂራ ተራ ነው። በዳዶ ለለቃሚ የሚከፍል የለም፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን እያልን ተራ በተራ ቡናችንን እናወርዳለን። ሱፊያን ይህን ከሰማ ጀምሮ ደስታውን አልቻለውም።

«እናንተ እኮ ጀምራችሁታል!» ይላል፣ ሁላችንም እንድንሰማው ጮክ ብሎ። «ያለ ገንዘብ መኖር ማለት ይኸው ነው። የቀራችሁ ቴክኖሎጂው ብቻ ነው።»

ማሂራ ትስቃለች። እኔ ሳወራ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ሳቋ ያነጫንጨኛል። ረሃብ ነው እንዳልል ጠዋት ቂንጬዬን ጠግቤ ነው የወጣሁት። ቅናት ነው። ምን እደብቃለሁ?

«ማሎ እባክህ ሱፊያን፣ ማሽንህ ቀዩን ካረንጓዴው ይለያል?» ትላለች እናቷ ዙሀራ ከወዲያኛው ዛፍ። «የቡና ማጠቢያ ጣቢያው እንደሆነ አረንጓዴ የገባበትን አይቀበለንም።»

«ይለያል እትዬ ዙሀራ። ካሜራ አለው። ወላሂ፣ ከሰው ዓይን ይበልጣል! ሰው ይደክመዋል፣ ሐሳቡ ይሄዳል።»

«ውሸት ነው!» እላለሁ።

ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ። ምኑን ውሸት እንዳልኩ እኔም ገና አላወቅኩም። ማሂራ ግን እያየችኝ ነውና ማቆም አልችልም።

«ዳዶ ነፃ ነው ያለው ማነው? ክፍያው ጉልበት ነው። ዛሬ እለቅምልሃለሁ፣ ነገ ትለቅምልኛለህ። የማይመልስን ሰው ማን ያስገባዋል? ሰው የሚመለስለት ነገር ከሌለ ከመኝታው አይነሳም። ያንተ ማሽን ሁሉን በነፃ ካደለ ማን ለማን ብሎ ይለፋል?»

«ለሚወደው ነገር ይለፋላ፣ ብሮ» ይላል ሱፊያን ሳይቆጣ። አለመቆጣቱ ይበልጥ ያናድደኛል።

«ለሚወደው! በፍቅር የተለቀመ ቡና የት አይተህ ታውቃለህ?»

እንዴት ያለ መልስ ሰጠሁት! ከወዲያ አንዳንዶች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዙሀራም «እውነቱን ነው» ትላለች። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ሸኩር» ትላለች ማሂራ ቀስ ብላ። «የእናንተ ቡና ተጎንድሎ የለም እንዴ?»

ተጎንድሏል። አባቴ ያረጁትን ዛፎች መጋቢት ላይ ቆርጧቸዋል፤ አዲሱ አድጎ እስኪያፈራ ሁለት ዓመት ይፈጃል። እኛ ቤት ዘንድሮ የሚለቀም አንድ ፍሬ የለም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የረሳሁት።

«ታዲያ የዛሬውን በምን ልንመልስልህ ነው?» ትላለች ማሂራ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይስቃሉ። ሱፊያን ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ያቅፋል።

«በቃ! ሸኩር ምስክሬ ነው! የወደፊቱ ሰው ማለት እሱ ነው!»

ከልቡ ነው የሚያቅፈኝ። ሽቶው ያፍናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር፤ እሱንም ጨምራ።

ዙሀራ ለምሳ ትጣራለች። ቂጣና እርጎ ቀርቧል። ሰዉ እየሳቀ ወደ እነ ማሂራ ቤት ይወርዳል፣ ሱፊያንም በነጭ ጫማው ከፊት ከፊት። እኔ ቅርጫቴን ላነሳ ጎንበስ ስል ማሂራ ቀድማኝ ደርሳለች። ወደ ውስጥ ታያለች። እኔም አያለሁ።

ግማሹ አረንጓዴ ነው። ለቀማ ካወቅኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ማጠቢያው ቢያገኘው የእነሱን ጭነት በሙሉ ነበር የሚመልሰው።

ማሂራ ትንበረከክና የሻርፗን ጫፍ ዘርግታ አረንጓዴውን አንድ በአንድ እየለየች ትጥልበታለች። ቅርጫቱ ከቤት እንዳይታይ በጀርባዋ ከልላዋለች።

«እናቴ እንዳታይ» ትላለች። «ዓይንህ የት ነበር?»

እኔም ተንበርክኬ መለየት እጀምራለሁ።

«ቡናችሁ የሚያፈራው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው አይደል?»

«ሁለት ዓመት። ኢንሻ አላህ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብለህ ልትለቅም ነው?»

ሱፊያን ከቤት በኩል ስሟን ይጠራል። ደግሞ ይጠራል። ማሂራ ቀና አትልም። ሻርፗ ውስጥ አረንጓዴው ፍሬ ተከምሯል፤ እጇን ቅርጫቴ ጠርዝ ላይ አሳርፋ መልሴን ትጠብቃለች።