ክዳኑ ያልተመለሰ ኮምፒውተር

የሥራ ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል፤ አሮጌው ኮምፒውተር ግን አልነሳ አለ። ወጣቱ ማታ አዲስ ሚሞሪ ጨምሮበት፣ ክዳኑን ሳይመልስ ነበር የተኛው።

መብራት አለ። ገመዱን ቀየረ። አዲሱን ሚሞሪ ነቅሎ በአሮጌው ብቻ ሞከረ። ማራገቢያው እንኳ አልዞረም።

«አሁንም እንቢ አለህ፣ የኔ ጌታ?» አለች እናቱ ከበሩ ላይ።

«እማዬ፣ በናትሽ አታጣድፊኝ! ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ሌላ የለኝም።»

እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ የገመዶቹን መጋጠሚያ አንድ በአንድ ሲነካካ ጣቱ እርጥብ ሆነ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ደረቅ ነው።

እናቱ የውኃ ጠርሙስ ይዛ ተጠጋች።

«ጠዋት ተኝተህ ሳለ፣ ሥራው እንዲቀናህ ብዬ ጠበል ረጭቼበት ነበር። አንሶት ይሆናል። እስቲ ዞር በል፣ ልጨምርለት።»