የተቆለፈበት ካሴት

ሚስተር ሆልሮይድ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሸር ውስጥ፣ ኮረብታ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ዘበኛም ጽዳትም ነበሩ። ደሞዛቸው ይህን ያህል አይደለም፤ ግን የግቢው ጥግ ላይ ያለችው ቤት ከሥራው ጋር የተሰጠቻቸው ናት። ሥራው ሄደ ማለት ቤቷም ሄደች ማለት ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹ ስፌት ይማራሉ፣ ወለሉ በስፒል ይሞላል። ዋናዋ አስተማሪ ሚስ ብሬይሾ «ሚስተር ሆልሮይድ እንደሆኑ አይታያቸውም» ትልና ራሷ በማግኔት ትለቅመዋለች። ከዚያ ማግኔቱን ከነስፒሉ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትከትና ቆርቆሮውን መሳቢያዋ ውስጥ ታስገባለች።

እናልሽ፣ ኮምፒዩተር መጣ። ቢቢሲ ማይክሮ የሚሉት ዓይነት፣ አንድ ለአርባ ልጅ። ባለ ጎማ ጠረጴዛ ላይ ተጭኖ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ገፊው እሳቸው ናቸው።

«በዚህ ዕድሜዬ ሕፃን በጋሪ ላንሸራሽር?» እያሉ ይገፋሉ።

ልጆቹ የመንደሩን ወፎች ቆጥረው ስድስት ሳምንት ሙሉ ጻፉበት። ሥራው የሚቀመጠው ዘፈን በሚሰማበት በዚያው ተራ ካሴት ላይ ነው፤ የሚያድረው ደግሞ ሚስ ብሬይሾ መሳቢያ ውስጥ። የካሴቱ ሽፋን ላይ «ከአቧራ፣ ከማግኔት፣ ከሙቀት ይራቅ» የሚል ተጽፏል።

አንድ ሰኞ ካሴቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ እያለቀሱ ከደብተራቸው እንደገና ጻፉ። በሳምንቱም ባዶ።

«አቧራ ነው» አለች ሚስ ብሬይሾ። «ወይም የአቧራው ባለቤት።»

«አርባ ዓመት ስጠርግ አንድ ወፍ ጠፍቶብኝ አያውቅም፣ ሚስ።»

«ከእኔ ሌላ ቁልፍ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ማሽኑን እንደማይወዱትም አገር ያውቃል።»

ሰው አለመንካቱን በምን ያሳያል?

ልጆቹ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፉ። ዓርብ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው። ሐሙስ ማታ ሚስ ብሬይሾ መሳቢያውን ብቻ አላመነችም። ካሴቱን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች፣ ቆርቆሮውን መሳቢያው ውስጥ፣ መሳቢያውን ቆለፈች። የእሳቸውንም ቁልፍ ተቀበለቻቸው።

«ነገ ከሠራ፣ ማን እንደነበር ታወቀ» አለች። «ቤቷን እስከ ገና ያስረክባሉ።»

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ፊት ግድግዳ ተደግፈው እንዲቆሙ አደረገቻቸው። ከሠራ እሳቸው አለቀላቸው። ካልሠራ ልጆቹ። የቱን እንደሚለምኑ ጠፋቸው።

«ዛሬ እኮ ይሠራል» አለቻቸው ትንሿ ግሌኒስ፣ እጃቸውን ይዛ። «የኔ ድንቢጦች አሥራ አራት ናቸው።»

«ይሥራ እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

ሚስ ብሬይሾ መሳቢያውን ከፈተች። ቆርቆሮውን ከፈተች። እሳቸውን ቀና ብላ አየችና ካሴቱን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጋ አነሳችው።

ማግኔቱ የካሴቱን ብሎኖች እንደያዘ፣ ከነስፒሎቹ ተንጠልጥሎ አብሮ ወጣ።