የአርሴማ መርዶ

በዚያ ሳምንት ሮም ውስጥ ውሃ በቧንቧው እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመ። የአደባባዩ ፏፏቴ በረዶ ሠራ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሰው አፉን በሻርፕ ሸፍኖ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል።

ሐሙስ ጠዋት ሙሉመቤት ለየሻረግ ደወለች። የሻረግ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ታስታምማለች፤ አዳሯም እዚያው ነው። ከሙሉመቤትና ከአርሴማ ጋር ወደ ተከራየችው ክፍል የምትመጣው በእረፍቷ ቀን ብቻ ነው።

«ብቻሽን ነሽ?» አለች ሙሉመቤት።

«ምነው?»

«የአርሴማ ወንድም… ከሰል አንድዶ፣ በር ዘግቶ ተኝቶ…»

«ኪሩቤል?»

«አዎ።» ስሙን አልደገመችውም። «አርሴማ አልሰማችም። እሁድ ማለዳ አባ ገብረሃና መጥተው ያረዷታል። ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ። ያላንቺ አንችለውም።»

የሻረግ ግድግዳውን ተደገፈች። ኪሩቤል ከከተማው ዳር ባለ ባዶ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚያድረው። መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ተናደደች።

«ከሰል እኮ ውጭ ቀልቶ፣ ጭሱ አልቆ ነው የሚገባው! ጭሱ ካለቀ በር ቢዘጉበትም ምንም አያደርግ። ይህን የሚነግረው ሰው ያጣል? እኔ ለአስመላሽ ምድጃውን ስልክለት ስንቴ ነው የነገርኩት!»

«አሎ? ሙሉ?» አለች የሻረግ።

«አለሁ። ነይ ብቻ።»

አስመላሽ ልጇ ነው። በጋውን ኦስቲያ ባሕር ዳር ጃንጥላ ይተክላል፤ ክረምቱን እዚያው በጥበቃ ያሳልፋል። ደወለችለት። ስልኩ ዝግ ነው።

ሲኞራዋ ሳትነጫነጭ ፈቀደች። ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ እንኳ ፈቃድ ሲጠይቋት የምታኮርፍ ሴት፣ ዛሬ የሻረግን ሁለት ጉንጯን ስማ የራሷን የሱፍ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠመጠመችላት። ብርዱ እሷንም አለዘባት፣ አለች የሻረግ በልቧ።

ክፍሉ ከውጭው አይሻልም። ማሞቂያው ከተበላሸ ሰንብቷል። የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ወትፈውታል። ፍል ውሃ የሞላ ጠርሙስ እያቀፉ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ይተኛሉ።

አርሴማ ዓይኗ ቀልቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ጉንፋን ነው፣ እትዬ።»

«አፍንጫሽ ቲማቲም መስሏል» አለች የሻረግ፣ ልታስቃት ብላ። «እንዲህ ሆነሽ ማን ያገባሻል?»

አርሴማ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይነገረውም። የሻረግ ምስር ሠራችና ልጅቷን ታጎርሳት ጀመር። አርሴማ ጉርሻውን መልሳ ወደ እሷ አፍ ትወስደዋለች።

«በሞቴ እትዬ፣ እርስዎ ይብሉ። ምንም አልቀመሱም እኮ።»

ምስኪን፣ የሚጠብቃትን ብታውቅ፣ አለች የሻረግ። እንዳትከፋባትም ጎረሰች።

በማግስቱ ደግማ ወደ አስመላሽ ስትደውል ሙሉመቤት ስልኩን ከእጇ ወሰደችው።

«ጓደኛው ነው እኮ፣ ሙሉ። ከሰው አፍ እንዳይሰማ ብዬ ነው።»

«ኦስቲያ በበረዶው መብራት የለም ይላሉ። ደግሞ አርሴማ ትሰማናለች። አሎራ፣ በቃ እሱን ለእኛ ተዪው።»

ቅዳሜ ከየጎረቤቱ ወንበር ተሰበሰበ። የሻረግ ሰዉን ደለደለች፤ ማን በሩ ጋ እንደሚቆም፣ ማን አርሴማን ግራና ቀኝ እንደሚይዛት። ቢላውን ደበቀች። መስታወቱን አወረደች።

«ከኋላዋ እኔ እሆናለሁ። ራሷን ከግድግዳ እንዳታጋጭ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ ሴቶቹ። አንዷም ቀና ብላ አላየቻትም።

«ምን ያንሾካሹካችኋል? ጠንከር በሉ እንጂ! እኛ ከፈረስን ልጅቷን ማን ይይዛታል?»

እሁድ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። ትንፋሽ በክፍሉ ውስጥ እንደ ጉም ይታያል። አርሴማ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች፤ የሻረግ ከኋላዋ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሴቶቹ እሷንም ተጠግተው ተቀመጡ።

«አምላኬ፣ ለዚህች ልጅ አቅም ስጣት» አለች የሻረግ በሹክሹክታ።

በሩ ተከፈተ። አባ ገብረሃና ገቡ። ተከትሏቸው፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ እያለቀሰ፣ ኪሩቤል ገባ።

የሻረግ እልልታዋን አቀለጠችው።

ማንም አልተቀበላትም፤ አባ ገብረሃና አርሴማን አልፈው እሷ ፊት ቆሙ።