አዲሱን አታንሽብኝ

እናትየው የሻይ ትሪ እንደያዘች የልጇ ክፍል በር ላይ ቀጥ አለች። ውስጥ ልጇና አብሮ አደግ ጓደኛዋ ይጨቃጨቃሉ።

«አዲሱን አታንሽብኝ» አለች ጓደኛዋ። «እሱ ከመጣ ወዲህ ፍቅር የለንም።»

«ገና በደንብ ሳታውቂው ነው የጠላሽው።»

«አውቄዋለሁ። ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።»

«እኔ ወድጄዋለሁ። ካሁን በኋላ ከአዲሱ ጋር ነኝ፤ ቁርጡን ንገሪኝ ካልሽ ይኸው።»

እናትየው ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። አዲሱ ማነው? የማን ልጅ ነው? እነዚህ እንደ እህትማማች ያደጉ ልጆች በአንድ ወንድ ሊጣሉ ነው? ይባስ ብሎ ልጇ አርግዛለት ቢሆንስ? በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች።

«ይሄ አዲሱ የምትሉት ሰውዬ ሚስት አለው?»

ሁለቱ ተያዩ። ልጇ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አነሳች። «እማዬ ደግሞ፤ አዲሱ እትም እኮ ነው የምንለው። የምንጫወተው ጨዋታ የደንብ መጽሐፉ ተቀይሮ እንደገና ታተመ። እሷ በአሮጌው ካልሆነ አልጫወትም ትላለች።»

«ኧረ እፎይ፤ ለመጽሐፍ ነው እንዴ?» ብላ ልትስቅ ስትል የልጇን ጓደኛ እጅ አየች። በጨዋታው የሚወረወሩትን ባለቀለም ዳይሶቿን አንድ በአንድ እየለቀመች ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ልጇም አዲሱን መጽሐፍ ገልጣ ማንበብ ጀመረች።

«ደህና ዋይ፣ እማዬ» አለች ጓደኛዋ ቀና ሳትል፣ ሻይዋንም ሳትነካ ወጣች።

እናትየው ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ለወንድ ቢሆን «ተዪው፣ ሌላ ይመጣል» ትል ነበር። ለመጽሐፍ ምን እንደሚባል ግን ግራ ገባት።